ሕፃኑን ከማንሳት በፊት መንገር

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከሃንጋሪ የተሰደዱት ማግዳ ገርበር ከሐኪሙ ቶም ፎረስት ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. የሕፃናት አስተዳደግ ማሠልጠኛ ተቋም መሠረቱ። ሐሳቡን ያገኙት በ1946 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያ ከከፈቱት ሐኪም ከኤሚ ፒክለር ነው። በዚህ ዘዴ ተንከባካቢዋ ሕፃኑን ከኋላው መጥታ ድንገት አታነሳውም። ፊት ለፊት ቀርባ «አሁን ላነሳህ ነው» ትለውና እጇን ዘርግታ ምላሹን ትጠብቃለች። ዳይፐር መቀየር፣ ማጠብ፣ ማብላት በጥድፊያ አይከናወኑም፤ መተማመን በዋናነት የሚገነባው በእነዚህ ጊዜያት ነውና።

በእኛ ቤት፣ አዲስ አበባም ሆነ የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና፣ እንግዳ ሲመጣ ሕፃኑ «ሳማቸው» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ፊቱን ያዞረ ልጅ ግን መልሱን ሰጥቷል፤ ጥቂት ታግሶ ደግሞ መጠየቅ ይሻላል።