የፍሪሲዮን ፔዳል ሲከብድ

ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ነቀምቴ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ። ከባኮ ተነስቶ በስሬ በኩል ጉቴን አልፎ ነቀምቴ የሚገባ ሾፌር ዳገቱ ማርሽ ያስለዋውጠዋል፤ ማርሽ በተለወጠ ቁጥርም ፍሪሲዮን ይረገጣል። አሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ ከከበደ ግራ እግር የሚዝለው እዚህ ነው። «ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት ግን ክብደቱ የት እንዳለ መለየት ይቻላል።

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያገናኛል፣ ያላቅቃልም። ስፒንጊዲስኮው በሞላው ጉልበት ሸራውን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዛል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የስፒንጊዲስኮውን ጣቶች ይጫናል፤ ሸራውም ይለቀቃል። የእግሩን ግፊት እስከ ሹካው የሚያደርሰው በድሮዋ ቮልስዋገን ካቦ፣ በላዳ ደግሞ በላይኛውና በታችኛው ፖምፓ መካከል ያለው ዘይት ነው።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። አስቀድሞ የፔዳሉ መዞሪያ ዝጎ ወይም ቅባት አጥቶ እንደሆነ ይታያል። ባለ ካቦ ከሆነ ካቦው ከሹካው ተፈትቶ ፔዳሉ በእጅ ይገፋል። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ ከራሱ ከፔዳሉ ወይም ከካቦው ነው፤ ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ተበጣጥሶ ወይም ሽፋኑ ታጥፎ ይሆናል።

ባለ ዘይት ከሆነ የታችኛው ፖምፓ አየር ማስወጫ ብሎን ላላ ተደርጎ ፔዳሉ ይረገጣል። ከቀለለ ክብደቱ ከታችኛው ፖምፓ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። ካልቀለለ ፔዳሉ፣ የላይኛው ፖምፓ ወይም ውስጡ አብጦ የጠበበው የጎማ ቱቦ ይመረመራል። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት ከተጨመረም የፖምፓዎቹ ጎሚኒዎች ያብጣሉ። ብሎኑ የሚጠብቀው እግር ከፔዳሉ ሳይነሳ ነው፤ አለዚያ አየር ይገባል።

ክብደቱ ወደ ውስጥ ከሆነ ሹካው ወይም ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቦታ ደርቋል፤ አለዚያ ሸራው ሳስቷል። ሸራ ሲሳሳ የስፒንጊዲስኮው ጣቶች አቀማመጥ ይለወጥና ለመጫን ይከብዳሉ። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ሸራው ለመንሸራተቱ ምልክት ነው።

ያን ጊዜ ካምቢዮው ይውረድ፤ ሸራው፣ ስፒንጊዲስኮውና ኩሽኔታውም አብረው ይለወጡ። ባለመኪናዎች ሆይ፣ ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ ካቦው ተፈትቶ ወይም ብሎኑ ላልቶ እንዲሞከር ጠይቁ። ሙከራው ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ ግን ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል።