የአንድ ንፋስ ሦስት ድምፅ

«የታሪኩ ቃና ምንድን ነው?» ሲባል ተማሪ «ያሳዝናል» ይላል። «ድባቡስ?» ሲባል ያንኑ ይደግማል። አልፈርድበትም። በአብዛኛው ታሪክ ውስጥ ሁለቱ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መምህሩንም ይቸግረዋል። ለማስተዋወቅ የሚበጀው ሁለቱ መንገድ የሚለያዩበት ታሪክ ነው። እኔ የምመርጠው ፈረንሳዊው ዣን ጂዮኖ በ1953 የጻፈውን፣ ዛፍ ስለሚተክሉ አንድ እረኛ የሚያወራውን አጭር ልቦለድ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ስንደርስ ማንም ምንም ሳይናገር የሚጫነን ነገር አለ፤ ድባብ እሱ ነው። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ አንዱ ስለ ሟች በእርጋታ ያወራል፣ ሌላው በቁጭት፣ ሌላው ሆዱ እየባሰው። ይህ የተናጋሪው ነው፤ ቃና እንለዋለን። ቃና ከተራኪው ይወጣል፣ ድባብ አንባቢው ላይ ያርፋል። በአማርኛ ቃና ብዙ ጊዜ አንድ ግስ ላይ ይንጠለጠላል። «ጥዱ ተቆረጠ» የሚል ሰው ወሬ ነጋሪ ነው። «ጥዱን ጨፈጨፉት» የሚለው ተቆጥቷል። «ያ ጥድ ወደቀ» ያለው ደግሞ ስለ አንድ ትልቅ ሰው የሚያወራ ይመስላል።

ታሪኩ በ1913 ይጀምራል። ስሙ ያልተነገረ ወጣት፣ ተራኪው ራሱ፣ የአልፕስ ተራሮች ወደ ፕሮቫንስ በሚወርዱበት ደጋ በእግሩ ይጓዛል። ከዱር ላቬንደር በቀር የሚበቅል ነገር የለም። የያዘው ውኃ አልቋል። የደረሰበት መንደር ጣሪያቸውን ያጡ አምስት ስድስት ቤቶችና ደወል ማማዋ የፈረሰ ትንሽ ቤተ ጸሎት ብቻ ናት፤ ምንጩም ደርቋል። ወሩ ሰኔ ነው፤ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ንፋሱ ግን በፍርስራሾቹ መካከል፣ ሲበላ እንደ ነኩት አውሬ ያጉረመርማል። እዚህ ላይ ንባቡን አቁሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደራሲው «ቦታው ያስፈራል» ብሏል? አላለም። ቀኑ እንኳ ብሩህ ነው። ፍርሃቱን ያመጣው የንፋሱ ድምፅ ነው።

ወጣቱ ከአምስት ሰዓት ጉዞ በኋላ እረኛውን ኤልዜያር ቡፊዬን ያገኛል። ዕድሜያቸው 55 ነው፤ አንድ ልጃቸውንም ሚስታቸውንም ሞት ወስዶባቸዋል። ከቅላቸው ውኃ ያጠጡታል፤ ቤታቸው ያሳድሩታል። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ወለሉ ተጠርጓል፣ ሳህኑ ታጥቧል፣ ሾርባው እሳት ላይ ነው፣ የልብሳቸው ቁልፍ ጠበቅ ተደርጎ ተተክሏል። ውጭ ያው ንፋስ ይነፍሳል፤ የጣሪያውን ሸክላ ሲመታ ግን የባሕር ሞገድ ዳርቻ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ ይሰጣል። አሁን የሚሰማው ሰው ጣሪያ ሥር ነው።

ማታ እረኛው አንድ ከረጢት የባሉጥ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የቀጨጨውንና የተሰነጠቀውን ይጥላሉ፤ እንከን የሌለው 100 ፍሬ ሲሞላ ይተኛሉ። በማግሥቱ በብረት ዘንግ መሬቱን እየበሱ ይተክሉታል። መሬቱ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ለማወቅም አልተጨነቁም። በሦስት ዓመት 100,000 ፍሬ ተክለዋል፤ ከዚያ 20,000 በቅሏል፤ ከበቀለውም ግማሹን አይጥና ያልታሰበ ነገር እንደሚወስደው ያውቃሉ። 10,000 ባሉጥ ይተርፋል።

ጂዮኖ ይህን ሁሉ የሚነግረን እንደ መዝገብ ያዥ ነው። ቁጥር ይሰጣል፣ ዓመት ይጠቅሳል፣ ያየውን ይናገራል። ደን የጨረሱትን አይረግምም፤ እረኛውን ሲያመሰግን እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ራሱ በቬርደን የተዋጋ ሰው ሆኖ ሳለ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት በጥቂት መስመር ያልፈዋል። ተራኪው ከአምስት ዓመት ውትድርና በኋላ በ1920 ሲመለስ ደኑ 11 ኪሎ ሜትር ርዝመት ይዟል፣ ሰፋ ባለበት ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሰው እስከሚያስታውሰው ድረስ ደርቀው የኖሩ ጅረቶች ይፈስሳሉ። እረኛው በጎቹ ችግኝ ስለሚበሉባቸው አራት ብቻ አስቀርተው መቶ ያህል ቀፎ ንብ ይዘዋል። አንባቢው ላይ የሚያርፈው ነገር ከደረቅ ፍርሃት ወደ እረፍት፣ ከእረፍት ወደ ደስታ ተሸጋግሯል። የተራኪው ድምፅ ግን መጀመሪያ የነበረበት ቦታ ነው። ተማሪው ቃናንና ድባብን ለየብቻ በዓይኑ የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩን በአማርኛ ስንተርከው ሌላ ትምህርት ይጨመራል። እረኛውን «እሱ» እንበላቸው ወይስ «እሳቸው»? ወጣቱ ስለ አንድ የ55 ዓመት ሰው ነው የሚያወራው፤ ያውም ያሳደሩትን። እኔ «እሳቸው» አልኩ፤ ያን ስል ቃናውን ግማሽ መንገድ ወሰንኩት። ክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ በሁለቱም አጠራር እየተነበበ ቢደመጥ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን የቤተ ክርስቲያን ደን ይጻፍ፤ በዙሪያው ካለው የተራቆተ ማሳ አልፎ ወይራውና ጥዱ ሥር ሲገባ ጆሮው የሚሰማውን ብቻ፤ «ደስ ይላል» የምትለው ቃል ሳትገባበት።

ቃና ምን ያህል ኃይል እንዳለው በታሪኩ ላይ የደረሰው ይመሰክራል። ጂዮኖ ጽሑፉን ያዘጋጀው የአሜሪካው ሪደርስ ዳይጀስት መጽሔት እስከ ዛሬ ከገጠሙህ ሰዎች እጅግ ስለሚደንቀው ጻፍልን ብሎት ነበር። መጽሔቱ ቡፊዬ የሚባል ሰው እንዳልነበረ ሲያጣራ ጽሑፉን መለሰው፤ በ1954 ቮግ አወጣው። ከዚያም በኋላ ብዙ አንባቢ እረኛው በእውነት እንደኖሩ አምኗል። ጂዮኖ በ1957 ለአንድ የደን ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ ቡፊዬ የፈጠራ ሰው መሆናቸውን ገልጾ፣ ዓላማው ሰው ዛፍን፣ ይበልጡንም መትከልን እንዲወድ ማድረግ እንደነበር ተናገረ። እንደ መዝገብ ያዥ ባይተርክ ኖሮ ያን ያህል የሚያምነው አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ካናዳዊው ፍሬደሪክ ባክ በ1987 የሠራው የካርቱን ፊልም በተከታዩ ዓመት ኦስካር አግኝቷል፤ ፊልሙ ድባቡን በቀለም ይለውጠዋል፣ ከደበዘዘ ቡናማ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይለመልማል።

በታሪኩ መጨረሻ፣ በ1945፣ ተራኪው ወደዚያው ደጋ ተመልሶ ቬርጎን የምትባል መንደር ይደርሳል። በ1913 ሦስት ሰው ብቻ የቀረበት ቦታ ነበር፤ አሁን 28 ሰው ይኖርበታል፣ አራት ወጣት ጥንዶችም ከእነሱ መካከል ናቸው። ንፋሱ አሁንም አለ፤ መዓዛ የተሸከመ ለስላሳ ነፋሻ ሆኗል። ከከፍታው በኩል የውኃ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ በደኑ ውስጥ የሚያልፈው ንፋስ ነው። ቀጥሎ እውነተኛ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ቀረብ ብሎ ሲያይ አዲስ የፏፏቴ ገንዳ ተሠርቷል፤ አጠገቡም አራት ዓመት ያህል የሆነው አንድ የሊንደን ዛፍ ቆሟል።