የበቅሎ ኪራይ ያልተጻፈበት በጀት

ለጤና ጥናት ገንዘብ ከሚጠየቅባቸው ሰነዶች ሁሉ ተመራማሪው በመጨረሻው ሌሊት የሚሠራው በጀቱን ነው። ዓላማው፣ የናሙናው ስሌትና የሥነ ምግባር ቅጹ ወራት ይፈጃሉ። በጀቱ ግን የማመልከቻው በር ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩ ለጋሹ ከፈቀደው ጣሪያ ተነስቶ ወደ ታች ይከፋፈላል፦ ይህን ያህል ለአበል፣ ይህን ያህል ለነዳጅ፣ የተረፈው «ለልዩ ልዩ»። ድምሩ ከጣሪያው ጋር ልክ ይገጥማል። መስክ ሲወጣ ግን አይገጥምም።

የት እንደሚጎድል ለማየት በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር የሚገኘውን ታች ጋይንት ወረዳን እንውሰድ። አርብ ገበያ ከወረታ ወልድያ ከሚዘረጋው አውራ መንገድ ወደ ደቡብ ተገንጥሎ የሚደረስባት የወረዳው ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ወረዳው ወደ በሽሎ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። እዚህ የሕፃናትን ትራኮማ የሚያጠና ቡድን ቢላክ የተኮናተረው ሀርድቶፕ መኪና የሚያደርሰው እስከተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ቀሪው በእግርና በበቅሎ ነው፤ መንገድ መሪም ያስፈልጋል። ሾፌሩ ቆሞ ቢውልም አበሉ ይቆጠራል።

የበቅሎ ኪራይ ሲታይ ትንሽ ወጪ ነው፤ ጣጣው ከደረሰኙ ይመጣል። የበቅሎው ባለቤት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፣ ሦስት ፕሮፎርማም አያቀርብም። ማድረግ የሚችለው በክፍያ ቅጽ ላይ መፈረም ወይም አውራ ጣቱን ማሳረፍ ነው። ይህ ዓይነት ክፍያ እንዴት እንደሚወራረድ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማሙበት ኦዲተሩ «ማስረጃ የሌለው ወጪ» ብሎ ይጥለዋል፤ ገንዘቡም ከዋና ተመራማሪው ኪስ ይጠየቃል። ስለዚህ ብዙዎች ወጪውን በሌላ ስም ያስገቡታል፤ ወይም ደግሞ ይባስ ብሎ ሩቁን ቀበሌ ከናሙናው ያወጡታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የመጀመሪያው ሒሳብን ያበላሻል፤ ሁለተኛው ሳይንሱን። ትራኮማ የሚበረታው ውኃና መንገድ በራቀበት ነውና።

አርብ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ በዚያ ዕለት የሚያገኘው የተዘጋ በር ወይም ልጆችን ብቻ ነው፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ ደግሞ ልጅን መመርመር አይቻልም። ቡድኑ በማግስቱ ይመለሳል፣ አበሉ ይደገማል። ይህን የሚያውቅ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው፤ በጀት ሲሠራ ግን የሚጠይቀው የለም።

አሁን ወደ ዋናው የኢኮኖሚ ጥያቄ እንምጣ፦ ቡድኑ አንድ ቀበሌ ከደረሰ በኋላ ስንት ቤት ይይ? የተለመደው መልስ «መቼም ከመጣን ብዙ እንይ» ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱን ሩቅ ቀበሌ ለመድረስ 40,000 ብር፣ እያንዳንዱን ቤት ለማየት 400 ብር ይፍጅ እንበል። ተላላፊ በሽታ ሲሆን የአንድ ቀበሌ ቤቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ያንዱን ያየ የጎረቤቱን በከፊል አይቷል። የመመሳሰሉ መጠን 0.2 ቢሆን የመዳረሻውን ወጪ፣ የቤቱን ወጪና መመሳሰሉን የሚያመዛዝነው የናሙና ቀመር በአንድ ቀበሌ 20 ቤት ይበቃል ይላል። 44 ቤት ብናይስ? የናሙና ስሌቱ እንደሚያሳየው 20ዎቹ ቤቶች የሚሰጡት መረጃ እርስ በርስ ከማይመሳሰሉ 4.2 ያህል ቤቶች ጋር እኩል ሲሆን፣ 44ቱ የሚሰጡት የ4.6 ያህል ነው። 24 ቤት ተጨምሮ፣ 9,600 ብር ወጥቶ፣ የተገኘው ከግማሽ ቤት ያነሰ መረጃ ነው። መዳረሻው 4,000 ብር ብቻ በሆነበት የከተማ ዳር ቀበሌ ደግሞ ቀመሩ ወደ 6 ቤት ይወርዳል፦ ጥቂት ቤት፣ ብዙ ቀበሌ። እንግዲህ የናሙናውን ቅርጽ የሚወስነው የስታቲስቲክስ ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ የመንገዱን ዋጋ የሚያውቀው ሾፌርም ድርሻ አለው። በጀትና ናሙና ተለያይተው ሲሠሩ ወይ ገንዘቡ ይባክናል፣ ወይ ውጤቱ ይደበዝዛል።

በጀቱ እስከ መጨረሻው ዙር የዘለቀለት ጥናት በክልሉ አለ። በዋግ ኽምራ 40 ማኅበረሰቦችን አሳትፎ ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የውኃ፣ የንጽሕናና የትራኮማ ሙከራ ለግማሾቹ ውኃና የንጽሕና ትምህርት አቅርቦ ለሦስት ዓመታት እየተመላለሰ ልጆችን መርምሯል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት በሁለቱ ወገኖች መካከል በኢንፌክሽኑ ላይ ልዩነት አልታየም የሚል ነበር። «ታዲያ ገንዘቡ ጠፋ» የሚል አይታጣም፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ምን እንደማይበቃ ማወቅ ቀጣዩን ወጪ ያድናል። ያ መልስ ሊታመን የቻለው በጀቱ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውንም ዙር ስለተሸከመ ነው። የእኛ አገር ብዙ በጀቶች ግን በመጀመሪያው ዙር ያልቃሉ።

ወደ ምንዛሪው ስንመጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 100,000 ዶላር ይዞ የቆየ ፕሮጀክት በወረቀት 5.7 ሚሊዮን የነበረው ገንዘቡ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነለት። አስቀድሞ የመነዘረ ግን በአሮጌው ብር አዲሱን ዋጋ ከፈለ፤ ሪኤጀንቱም ታብሌቱም ከውጭ ነው የሚመጣው። የነዳጅ ዋጋም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተከልሷል። ትምህርቱ ለጀማሪም ግልጽ ነው፦ በዶላር የሚከፈለውን በዶላር፣ በብር የሚከፈለውን በብር ጽፎ የታሰበበትን ምንዛሪ ከነቀኑ በማብራሪያው ላይ ማስፈር። ብዙ ለጋሾች «መጠባበቂያ» የሚል መስመር ሲያዩ ፊታቸው አይፈታም፤ በምክንያት የተደገፈ የዋጋ ግምት ግን ይቀበላሉ። አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም በዚሁ አጋጣሚ አስታውሱ። በየበጀቱ ደመወዝ ይጻፋል፣ መዋጮው ይረሳል።

ሌላው ጉድለት የአስተዳደር ወጪ፣ በተለምዶ ኦቨርሄድ የሚባለው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለውጭ አገር ተቋማት የሚፈቅደው 8 በመቶ ነው። በ200,000 ዶላር ላይ 16,000 ዶላር መሆኑ ነው፤ ከዚያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ግዥው፣ መብራቱ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሁሉ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከ50 በመቶ በላይ ይደራደራሉ። ጥር 30 ቀን 2017 ተቋሙ ለእነሱም 15 በመቶ ላድርገው ሲል አገር ተናወጠ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ታገደም። የእኛዎቹ 8 በመቶ ላይ ሆነው ያንን ክርክር ሲያነቡ ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፈንድ 25 በመቶ ይሰጣል፤ የጌትስ ፋውንዴሽን ለዩኒቨርሲቲዎች እስከ 10። ታዲያ መውጫው ኦቨርሄድ ውስጥ የሚደበቀውን ሥራ በግልጽ ስም ወደ ቀጥተኛ ወጪ ማምጣት ነው። የግማሽ ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በስሙ ቢጻፍ ነውር የለበትም።

ጊዜም ወጪ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት በመስከረም 21 ይጀምራል፣ የእኛው ሰኔ 30 ይዘጋል። ውል ተፈርሞ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ተገኝቶ፣ ታብሌት ተገዝቶ መስክ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ግንቦት ላይ ነው፤ ገበሬው እርሻ ላይ፣ ዝናቡ ደጃፍ ላይ፣ ሒሳብ ክፍሉም መዝገብ መዝጋት ላይ ሲሆን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር ደግሞ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክም ይቋረጣል። ቡድኑ አልጋ ይዞ፣ አበል እየበላ የሚቀመጥባቸው ቀናት በጀቱ ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። የወረቀት መጠይቅ ማሳተሚያም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚከፋው ስጋት ግን የለጋሹ መጥፋት ነው። ጥር 12 ቀን 2017፣ በጥምቀት ማግስት፣ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ታዘዘ። ጤና ሚኒስቴርም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የኮንትራት ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ሚያዝያ 23 ደግሞ ብሔራዊ የጤና ተቋሙ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፈውን ንዑስ ድጋፍ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ እንደማይሰጥ አስታወቀ። የእኛ ተመራማሪዎች ገንዘብ በብዛት የሚመጣው በዚያ መንገድ ነበር። ስለዚህ በጀቱ ገንዘቡ በመሃል ቢቆም የትኛው ዙር ብቻውን ሊታተም የሚችል ውጤት እንደሚሰጥ ማሳየት አለበት።

የደብረ ታቦርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሥራ ቢሠሩ መልካም ነው፦ ለየወረዳው የመስክ ወጪ ዝርዝር፣ የበቅሎ ኪራይና የመንገድ መሪ ክፍያ አወራረድን ጨምሮ፣ በየስድስት ወሩ የሚታደስ። ይህን ለማዘጋጀት የለጋሽ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሾፌር፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛና አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ይበቃል። ከመጪው ሐምሌ በፊት ይሥሩት።