ከዘመኑ ጋር የሚስማማ ድምፅ፦ የጥንታዊ ሆት ሮድ ጭስ ማውጫ እንዴት ይሠራል?

በአውሮፓውያኑ 1932 የተመረቱ የፎርድ መኪኖች ዛሬም በካሊፎርኒያ ጎዳናዎች ላይ ይታያሉ። ሞተራቸው ታድሷል፣ ሻንሲያቸው ተጠግኗል፣ ቀለማቸውም ተቀይሯል። ያም ሆኖ ብረታቸው በአብዛኛው የዚያው ዘመን ብረት ነው። አንድ ክፍላቸው ግን ከዚያ ዘመን የተረፈ ሆኖ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ እሱም ጭስ ማውጫቸው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ቱቦው ሳይሞቅ በፊት እንፋሎቱ ወደ ጠብታነት ይለወጥና ብረቱን ከውስጥ በኩል ይበላዋል። ስስ የብረት ቱቦ ይህንን የሚቋቋመው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በመሆኑም የ1940ዎቹን መኪና ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ የሚሻ ባለሙያ ሌላውን ሁሉ ሲጠግን፣ ጭስ ማውጫውን ግን ከባዶ ተነስቶ መሥራት ይኖርበታል። መመሪያ የሚሆኑት የቆዩ ፎቶግራፎች፣ የሞተሩ ጠባይና የራሱ ታማኝነት ናቸው።

ከደረቅ ሐይቅ የተነሳ ልማድ

ሆት ሮድ የሚባለው ፍጥነቱ እንዲጨምር ባለቤቱ ራሱ የለዋወጠው አሮጌ መኪና ነው። ልማዱ ሥር የሰደደው በደቡብ ካሊፎርኒያ ሲሆን፣ ወጣቶች በርካሽ የገዟቸውን ፎርዶች እየነዱ በሞሃቪ በረሃ ወደሚገኙት እንደ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ወዳሉ ደረቅ ሐይቆች ይጓዙ ነበር። ውድድሩን በሥርዓት የመራው የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መለኪያ ማኅበር የተመሠረተው በ1937 ነው።

ወጣቶቹ ወደ ውድድሩ የሚሄዱትና ወደ ቤት የሚመለሱት በዚያችው መኪና ነበር። ሐይቁ ዘንድ ሲደርሱ ፓራፋንጎውን፣ የፊት መስታወቱንና መብራቱን ይፈታሉ፤ ማታ ደግሞ መልሰው ይገጥማሉ። ጭስ ማውጫውም ሁለት ባሕርይ እንዲኖረው ተደርጎ ይሠራ ነበር። ከሞተሩ የሚወጡት ቱቦዎች በጎን በኩል ተገናኝተው ጫፋቸው በክዳን ይታሰራል። ለውድድር ክዳኑ ሲፈታ ጭሱ በቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ክዳኑ ሲታሰር ደግሞ በኢትዮጵያ ጋራዦች «ማርሚታ» ተብሎ በሚታወቀው ድምፅ ማፈኛ በኩል ያልፋል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በሐይቆቹ ስም ነው።

ሞተሩ የሚያስገድደው

የእነዚህ መኪኖች ልብ ፎርድ በ1932 ለገበያ ያቀረበው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። መጠኑ 3.6 ሊትር፣ ጉልበቱ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቫልቮቹ በላይኛው ክዳን ላይ ሳይሆን በብሎኩ ውስጥ፣ ከሲሊንደሮቹ ጎን ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጭ የሚወጣው የብሎኩን አካል አቋርጦ፣ በማቀዝቀዣው ውሃ መካከል አልፎ ነው። ሞተሩ ቶሎ በመጋል የሚታማውም ከሞላ ጎደል ለዚህ ነው።

ሌላም ልዩ ጠባይ አለው። በእያንዳንዱ ጎን አራት ሲሊንደሮች ቢኖሩም የጭስ መውጫ ቀዳዳዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ መካከለኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ። ስለዚህ ለዚህ ሞተር ቱቦ የሚሠራ ሰው በየጎኑ ሦስት ቱቦ ያዘጋጃል። አራት ቱቦ የሚታይበት መኪና በእርግጥ ይህን የመጀመሪያ ሞተር ይዞ ስለመሆኑ ያጠራጥራል።

በመጀመሪያ ዓመቱን መምረጥ

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ብረት ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ መኪናው የሚወክለው የትኛውን ዓመት ነው? «የድሮ» የሚለው ቃል በቂ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ ወጣት ቱቦውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ካገኘው ቁርጥራጭ ብረት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ለመኪና ፍጥነት መጨመሪያ የሚሆኑ ዕቃዎች ንግድ ተስፋፋ፤ ሆት ሮድ የተሰኘው መጽሔትም በጥር 1948 መታተም ጀመረ። እንደ ፌንተን ያሉ ከብረት ቀልጠው የሚወጡ የጭስ መሰብሰቢያዎችም ገበያ ላይ ዋሉ። ሸቭሮሌ በ1955 ባለ 4.3 ሊትር አዲስ ሞተሩን ካወጣ በኋላ ደግሞ ብዙዎች የፎርዱን ሞተር ተዉት።

እንግዲህ የ1940ን መንፈስ በያዘ መኪና ላይ የማይዝግ ብረት ቱቦ መግጠም፣ ወይም በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን አንድ ወጥ ሆኖ የታጠፈ ክርን መጠቀም፣ በአንድ አካል ላይ ሁለት ዘመን ማጋባት ይሆናል። ቱቦው ሊሠራ ይችላል፤ ታሪኩ ግን ይዛባል።

ከብየዳው በፊትና በኋላ

ሥራው የሚጀምረው ከብሎኩ ጋር በቡሎን ከሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ውፍረቱ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ ይመረጣል፤ ስስ ከሆነ በሙቀት ይጣመምና ጋዝ ያሾልካል። በሚበየድበት ጊዜም ከአሮጌ ብሎክ ወይም ከወፍራም ብረት ጋር ታስሮ መቆየት አለበት።

ቱቦውን ለማጠፍ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ዘዴ አሸዋ ነበር። ቱቦው ጠብቆ በታሸገ አሸዋ ይሞላና ጫፎቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያም በእሳት ግሎ ቀስ በቀስ ይታጠፋል። አሸዋው ቱቦው እንዳይጨማደድ ይከላከላል። ነገር ግን አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው የታፈነው እንፋሎት ቱቦውን እንደ ቦምብ ሊያፈነዳው ይችላል። መገጣጠሚያው የሚበየደው ደግሞ በዚያ ዘመን በየጋራዡ በነበረው የኦክስጅንና የአሲቲሊን ጋዝ ነው።

ቱቦዎቹ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዘው መኪናው ላይ ይለካሉ። የመሪውን ዘንግ፣ ሞተሪኖውን፣ የፍሬን ቱቦውንና የቤንዚን መስመሩን ሳይነኩ ማለፍ አለባቸው። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ በመሆኑ ይወዛወዛል፤ ቱቦውም ሲግል ይረዝማል። ስለዚህ ከሻንሲው ጋር በድርቅና ከመታሰር ይልቅ በጎማ ማንጠልጠያ ይያዛል፤ አለዚያ ብየዳው ይሰነጠቃል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

የፎርዱ ሲሊንደሮች የሚቃጠሉበት ቅደም ተከተል 1-5-4-8-6-3-7-2 ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት በቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት በግራ በኩል ይገኛሉ። ቅደም ተከተሉን የተከተለ ሰው 8 እና 6 በግራ፣ 2 እና 1 ደግሞ በቀኝ በተከታታይ እንደሚቃጠሉ ይረዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ያለው ምት እኩል አይደለም፤ አንዴ ይደራረባል፣ አንዴ ይዘገያል።

ፋብሪካው ሁለቱን ጎኖች በአንድ ማርሚታ ሲያገናኝ ይህ ልዩነት ይደበዝዛል። ሁለት የተለያዩ ቱቦዎች ሲገጠሙ ግን ያ የሚንተከተክ ድምፅ ይሰማል። የዘመኑ ማርሚታም ቀዳዳ በበዛበት ቱቦ ዙሪያ የብረት ጭረት ወይም ፋይበርግላስ የተጠቀጠቀበት ነው፤ ጭሱ በቀጥታ ስለሚያልፍበት ጩኸቱን ይቀንሳል እንጂ ጠባዩን አያጠፋም።

ሊመለስ የማይገባው

ያም ሆኖ ያለፈው ዘመን ሁሉ ሊመለስ አይገባም። የያኔዎቹ ማሸጊያዎችና የሙቀት መከላከያ መጠቅለያዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ ይታወቃል። አሮጌውን ማሸጊያ በደረቁ መፋቅ ራሱ አደገኛ ነው። በምትኩ ከመዳብ ወይም ከአስቤስቶስ ነፃ ከሆነ ቁስ የተሠራ ማሸጊያ ቢገጠም ማንም ከውጭ አይለየውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድም ቀለምና ሽታ የለውም። ጣሪያ አልባ መኪና ሲሄድ ከኋላው የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት ጭሱን ወደ መቀመጫው ሊስበው ስለሚችል፣ የቱቦው ጫፍ ከመኪናው አካል አልፎ መውጣት ይኖርበታል። ሕግም ድርሻ አለው። ካሊፎርኒያ የ1975ና ከዚያ በፊት የነበሩ የቤንዚን መኪኖችን ከመደበኛው የጭስ ምርመራ ነፃ ብታደርግም፣ በተለዋወጠ ጭስ ማውጫ ላይ ግን የ95 ዴሲቤል የድምፅ ገደብ አስቀምጣለች። የሐይቁ ክዳን በከተማ ውስጥ ታስሮ መቆየት አለበት ማለት ነው፤ ይህም ቢሆን ከጥንቱ ልማድ የራቀ አይደለም።

በመጨረሻ የሚቀረው ምርጫ የሠሪው ነው። ከመኪናው ሥር ማንም ጎንበስ ብሎ አያይ ይሆናል። መኪናው ቆሞ ሲታይ ዘመኑን የሚናገረው መልኩ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ምስክርነቱን የሚሰጠው ያ ቱቦ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ይዝጋል፤ ያኔ የሚሠራው ሰውም ከፊተኛው የሚወርሰው ብረቱን ሳይሆን ዕውቀቱን ይሆናል።