መኪና ቢቆምም ቀን አይቆምም

በኬንያ የማታቱና የአውቶቡስ ባለቤቶች ሥራ አቆሙ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን የናይሮቢ ሠራተኛ ነው። ጠዋት በእግሩ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ማታም በእግሩ ይመለሳል። ድካሙ ቀላል አይደለም። ካኩማ ለምንኖር ለእኛ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እኛ መንገድ ላይ ሳለን መኪናው ሲቆም፣ በኪሳችን የያዝነው የመውጫ ፈቃድ፣ ሙቭመንት ፓስ የምንለው ወረቀት፣ ቀኑን መቁጠሩን አያቆምም። በመሆኑም እኛ መምህራን በዚህ ዕትም ስለዚሁ ጉዳይ ለመጻፍ ወደድን።

በመጀመሪያ አድማው ከየት እንደሚመጣ ብናውቅ መልካም ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2003 መጨረሻ ላይ የኬንያ ትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ጆን ሚቹኪ ለማታቱዎች ጥብቅ ደንብ አወጡ። መኪናው በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ የፍጥነት መገደቢያ ይግባለት፣ ለየወንበሩ ቀበቶ ይኑር፣ ከወንበር በላይ ሰው አይጫን፣ ሾፌርና ረዳት የደንብ ልብስ ይልበሱ፣ በመኪናው ጎን ቢጫ መስመር ይቀባ ተባለ። ደንቡ በፌብሩዋሪ 2004 ሥራ ላይ ሲውል ብዙ መኪናዎች ሳያሟሉ ቀሩና ከመንገድ ወጡ፤ ሕዝቡም በእግሩ ተጓዘ። በኖቬምበር 12 ቀን 2018 ደንቡ እንደገና በጥብቅ ይከበር ሲባል ያው ነገር ተደገመ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ በነዳጅ ላይ 16 በመቶ ቫት በመጣሉ ነዳጅ አመላላሾቹ ሥራ አቁመው ብዙ ማደያዎች ደርቀው ነበር። ኋላ ግብሩ ወደ 8 በመቶ ዝቅ አለ።

መንግሥት የሰው ሕይወት በመንገድ ላይ እንዳያልቅ ይላል። ባለመኪናው ደግሞ ወጪው ከአቅሜ በላይ ነው ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ እኛም በክርክሩ ውስጥ አንገባም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው ግን ጣጣው እኛም ጋ ይደርሳል።

ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሎድዋር ኪታሌ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በኤልዶሬትና በናኩሩ አድርጎ ናይሮቢ ድረስ ገና ብዙ ይቀራል። ይህ በእግር የሚሞከር መንገድ አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል? እንደ ልማዳችን በሒሳብ እንየው።

እንበልና አንዲት እናት ልጇን ናይሮቢ ወስዳ እንድታሳክም የ14 ቀን ፓስ ተሰጣት። መሄጃው 2 ቀን፣ መመለሻው 2 ቀን ቢፈጅ ለሕክምናው 10 ቀን ይቀራታል። አሥሩንም ቀን ተጠቅማ በ13ኛው ቀን ጠዋት መናኸሪያ ስትደርስ አድማ ተጀምሮ 3 ቀን ቢቆይ፣ መንገድ የምትጀምረው በ16ኛው ቀን ነው። ካኩማ የምትገባው በ17ኛው ቀን ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ በተቃጠለ ፓስ ከነልጇ መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። ይህችው እናት በ10ኛው ቀን ብትነሳ ኖሮ፣ አድማው 3 ቀን ቢያግታትም በ13ኛውና በ14ኛው ቀን ተጉዛ ቀኗ ሳያልፍ ትገባ ነበር።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። የ2006ቱ የኬንያ የስደተኞች ሕግ ያለ ፈቃድ ከተመደበለት ቦታ ውጭ የሚኖርን ስደተኛ እስከ 20,000 ሽልንግ ወይም እስከ 6 ወር እሥራት ያስቀጣ ነበር። ያ ሕግ በ2021 በወጣው ሕግ ቢተካም ከካምፕ ሲወጡ ፈቃድ የመያዙ ነገር አልቀረም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንድትሉልን እንጠይቃለን።

1ኛ/ ቀጠሮ ስትይዙ ከፓሱ መጨረሻ ላይ ቢያንስ 3 ቀን አትርፉ። ሐኪሙን ወይም ቢሮውን «ፓሴ የሚያበቃው በዚህ ቀን ነው» ብላችሁ ከመጀመሪያው ንገሩ። አድማ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ይወራልና ሬዲዮ ስሙ፣ ቲኬት ቆራጩንም ጠይቁ።

2ኛ/ መንገድ ከተዘጋባችሁ ቀኑ እስኪያልፍ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ፓሱ ገና በቀኑ ሳለ በአቅራቢያ ወዳለ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄዳችሁ አመልክቱ። የቆረጣችሁትን የአውቶቡስ ቲኬት አትጣሉ፤ ቀኑ ስላለበት በጊዜ ተነስታችሁ እንደነበር ያሳይላችኋል። ቀኑን በእስክሪብቶ መደለዝ ግን በፍጹም አይሞከርም። ያ መዘግየት መሆኑ ቀርቶ ወንጀል ይሆናል።

3ኛ/ ኢንተርቪው ያላችሁ ሰዎች የኬዝ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለምታምኑት ጎረቤት ተዉ። መንገድ ላይ ከቀራችሁ እሱ ከቀጠሮው ሰዓት በፊት ቢሮ ሄዶ ያስታውቅላችኋል። ከቀጠሮ በኋላ የሚነገር ምክንያት ጆሮ የሚያገኘው በስንት ልመና ነው።

4ኛ/ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለጉዞው ከሚበቃው በላይ የአንድ ሳምንት ጨምሮ እንዲሰጠው ነርሱን ይጠይቅ። በአድማ ሰሞን ታሪፍ ስለሚንር የመመለሻውን ገንዘብ ለብቻው ቋጥሩት። ቢያልቅም ኤም-ፔሳ አለና በጊዜ ደውሉ።

5ኛ/ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ማታ ያገኛችሁት የጭነት መኪና ላይ አትንጠልጠሉ። በተለይ በካይኑክ በኩል ያለው መንገድ በሽፍታ የታወቀ ነው። ሴቶችና ልጆች ካሉ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ሆናችሁ ማደር ይሻላል።

ካምፕ የምንቀርም የድርሻችን አለን። ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ራሽን በጣት አሻራ ሆኗል፤ የቤቱ አዋቂ መንገድ ላይ ከቀረ ልጆቹ ጦማቸውን እንዳያድሩ የሁለተኛ ሰው አሻራ አስቀድሞ ይመዝገብ። እስከዚያው የብሎኩ ሰው እንጀራውን ያካፍል፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ይይልን። ባለሱቆቻችን ደግሞ መንገድ ሲዘጋ በስኳርና በዘይት ላይ ዋጋ አትቆልሉብን፤ የሚገዛችሁ ያው ጎረቤታችሁ ነው። ኢስሊ የምትኖሩ ወገኖቻችንም መናኸሪያ የቀረ የካምፕ ሰው ብታገኙ ሁለት ሌሊት አስጠጉት። እሱን ከፖሊስ ጣጣ የሚያድነው አንድ ፍራሽ ሊሆን ይችላል።

ሥራ የሚያቆሙት ሰዎች ነገ ተስማምተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ያለፈበት ወረቀት ግን በእኛ እጅ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፓስ ያለው ሁሉ ወረቀቱን አውጥቶ የመጨረሻዋን ቀን ይመልከት፤ ከእሷም ሦስት ቀን ወደኋላ ይቁጠር። መንገደኞቻችን ሁሉ በሰላም ሄደው በሰላም እንዲመለሱ እንመኛለን።