ቀለሃ ዳግም ይሞላል፤ ዓይን ግን አይተካም

የአደን ቪዲዮ የሚወድ ሰው ስልኩ ላይ ይሄን ሳያይ አይቀርም። አንድ አሜሪካዊ ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ባዶ የጥይት ቀለሃዎችን ይደረድራል። አንዱን ያነሳና ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል፤ እጀታውን ይጫናል፤ ባሩድ ይሞላበታል፤ አረሩን ይሰካበታል። በቃ፣ አለቀ። ትናንት ተተኩሶ የወደቀው ቀለሃ ዛሬ አዲስ ጥይት ሆኖ ያብረቀርቃል። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ቪዲዮው የማያሳየው ሥራ ከሚያሳየው ይበልጣል። በተለይ ጠመንጃው አሮጌና ከፊል አውቶማቲክ ከሆነ፣ አደጋ የሚከላከለው ያ ያልታየው ሥራ ነው።

"እኛን ምን አገባን? ልደታ ላይ ማን አጋዘን ያድናል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ኮንዶሚኒየም መሐል አጋዘን የለም። ግን ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ያለበት ቤት ብዙ ነው። አሜሪካ ሄዶ አደን የጀመረ ዘመድም አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶ ቀለሃ መልሶ መሙላት ለዚህች አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከዚያ ብንጀምር ይሻላል።

ጥይት ዝርዝር ብር በነበረበት ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ገንዘብ ነበር። ከማርያ ትሬዛ ጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይገበያዩበት ነበር። ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም። ጥይት ሁሉም ሰው ይፈልገዋል፤ እንደ ጨው ዝናብ አያሟሟውም፤ ዝናር ውስጥ ተሰክቶ አገር ያቋርጣል።

በብዛት ከሚዘዋወሩት አንዱ የውጅግራ ጥይት ነበር። ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው "ፉዚ ግራ" የመጣ ነው። ግራ እጅ ጋር ግንኙነት የለውም። ግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ጠመንጃውን ያዘጋጀው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ ይገኝበታል። ልደታ ውስጥ ሆስፒታል የተሰየመላቸው ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ በመድፈኛነታቸው ስም ያተረፉትም በዚያው ጦርነት ነው።

በዚያ ዘመን ባዶው ቀለሃም ዋጋ ነበረው። ባሩድና እርሳስ ያለው ሰው መልሶ ይሞላዋላ! ጥቁር ባሩድም እዚሁ አገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ስለዚህ በእጅ የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ጋር ተቀላቅሎ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ታዲያ እንዴት ሠራላቸው? አንዱ ምክንያት ውጅግራ ታጋሽ ጠመንጃ መሆኑ ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ተኳሹ ከተኮሰ በኋላ ቀለሃውን በገዛ እጁ ስቦ ያወጣል፤ ሌላውንም በገዛ እጁ ያስገባል። የጥቁር ባሩድ ግፊት ከዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ በብዙ ያነሰ ነው። ቀለሃው ትንሽ አብጦ ከሆነ ጠመንጃው "አልጎርስም" ይላል፣ ተኳሹም መዳፉ ላይ ይሰማዋል። በእያንዳንዱ ተኩስ መሐል የሚያመዛዝን የሰው እጅ ነበር።

የዛሬው ጣጣ የሚጀምረው ያ እጅ ከመሐል ሲወጣ ነው።

አንድ ጥይት፣ አራት ነገር

ጥይት አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ አራት ነገር ነው። ከፊት ሄዶ የሚመታው አረሩ ነው። ውስጥ ያለው ባሩዱ ነው። ከኋላ መሐሉ ላይ ያለችውና ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሽዬ ክብ ነገር ካፕሱል ትባላለች። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘው የነሐስ ዕቃ ደግሞ ቀለሃው ነው።

ሲተኮስ ባሩዱ ይቃጠላል፣ ካፕሱሏ ታልቃለች፣ አረሩ ይሄዳል። የሚቀረው ቀለሃው ብቻ ነው። ከአራቱ መካከል ለማምረት አስቸጋሪውም እሱ ስለሆነ መልሶ መሙላት ትርጉም የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ቀለሃው ግን ዝም ብሎ ዕቃ መያዣ አይደለም። በተኩሱ ቅጽበት ያብጥና የጠመንጃውን ማጉረሻ ግጥም አድርጎ ይዘጋል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይሄ ነው። ወዲያው ደግሞ ትንሽ ሸሸት ብሎ ለመውጣት ይላቀቃል። 30-06 በሚባለው የታወቀ የአደን ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በየስኩዌር ኢንቹ 60,000 ፓውንድ ነው። የመኪና ጎማ ግፊት 33 አካባቢ ነው ብንል ከ1,800 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ከጉንጫችሁ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ የሚፈጠር ነው።

ቀለሃ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል። ሲሞላ ደግሞ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ነሐስም እንደዚያው ነው። አንገቱ ይሰነጠቃል፣ ወይም ከታች በኩል ዙሪያውን ይሳሳና አንድ ቀን ለሁለት ይቆረጣል። ስለዚህ ጥይት የሚሞላ ሰው ዋና ሥራ መሙላት ሳይሆን መርምሮ መጣል ነው።

በራሱ የሚያጎርሰው ጠመንጃ

አሁን ወደ አሮጌው ከፊል አውቶማቲክ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ሬሚንግተን ሞዴል 8 የተባለው፣ የጆን ብራውኒንግ ፈጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሬሚንግተን ውድስማስተር 742 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ብዙ አሜሪካዊ ከአባቱ የወረሰው የአደን ጠመንጃ ይሄ ነው። ምላጩን አንዴ ስትስቡት አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ባዶውን ያስፈነጥራል፤ አዲሱን ከካዝናው ወስዶ ያጎርሳል።

ይሄን ሁሉ በምን ኃይል ይሠራል? በጥይቱ ኃይል። ሞዴል 8 ሲተኮስ አፈሙዙ ራሱ ከመቀርቀሪያው ጋር ወደ ኋላ ይመለሳል። 742 ደግሞ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ወስዶ መቀርቀሪያውን ይገፋበታል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። እንዲህ ባለው ጠመንጃ ውስጥ ጥይቱ የሚተኮስ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም ነው። በእጁ ጥይት የሚሞላ ሰው ሳያውቀው የጠመንጃውን ሞተር እየሠራ ነው።

ስለዚህ ስህተቱ በብዙ በኩል ይመጣል። ባሩዱ ካነሰ መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ቀለሃው መሐል ላይ ይሰነቀራል። ባሩዱ ከበዛ ብረቱ ይሰበራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ፦ የባሩዱ መጠን ትክክል ሆኖ ዓይነቱ ሊሳሳት ይችላል። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ አረሩ ከአፈሙዙ ሊወጣ ሲል እንኳ ብዙ ጋዝ ይዞ ይቆያል፤ ያ ጋዝ የጠመንጃውን ውስጥ ከልክ በላይ ይመታል። በአሜሪካ ጦር ኤም 1 ጋራንድ ላይ የሚገፋው ዘንግ እንዲህ ባለ ጥይት እንደሚጣመም የታወቀ ነው። 742 ላይ ደግሞ መቀርቀሪያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ በብዙ ተኩስ ይበላል። የተበላ ሐዲድ በቀላሉ የሚጠገን አይደለም።

ካፕሱሏም ጣጣ አላት። በደንብ ሳትገባ ትንሽ ወጣ ብላ ከቀረች፣ በፍጥነት የሚመለሰው መቀርቀሪያ ራሱ ይመታታል። ማንም ምላጭ ሳይስብ፣ መቀርቀሪያው ገና በወጉ ሳይዘጋ ጥይቱ ሊፈነዳ ይችላል። የውጅግራው ተኳሽ መዳፉ "ቆይ" ይለው ነበር። ይሄኛው ጠመንጃ ግን ማንንም አይጠይቅም፤ የሰጡትን ያጎርሳል።

ታዲያ ለምን ይደክማሉ?

ዋጋ አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የሞዴል 8 አንዳንድ ጥይቶችን ትላልቆቹ ፋብሪካዎች ማምረት ካቆሙ ቆይተዋል። ባለቤቱ የአያቱን ጠመንጃ አንዴ እንኳ ለአደን ይዞ መውጣት ከፈለገ ወይ ራሱ ይሞላል፣ ወይ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለራስ ጥይት መሙላት የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሚኒሶታ ወይም ቨርጂኒያ ያለ አጎታችሁ "ልጀምር ነው" ካላችሁ፣ ጥሩ ጥይት ሞይዎች የሚሠሩትን ንገሩት። ጠረጴዛቸው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አያስቀምጡም። መጠኑን ከታተመ መመሪያ እንጂ ከአስተያየት መስጫ ሳጥን አይወስዱም። የሚመዝኑት ግሬይን በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ግሬይን 0.065 ግራም አካባቢ ነው፤ እነሱ ደግሞ የዚህን አንድ አሥረኛ ይለያሉ። ለከፊል አውቶማቲክ የሚሆነውን ቀለሃ አንገቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አካሉን ወደ ልኩ ይመልሳሉ። የተጠራጠሩትን ይጥላሉ። መነጽር ያደርጋሉ። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም።

በነገራችን ላይ እነሱ የሚያድኑት እንስሳ እኛ አጋዘን የምንለው አይደለም። የእነሱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። የእኛዎቹ አጋዘን፣ ድኩላና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ደጋ አጋዘን ቀንዳቸው የዕድሜ ልክ ነው። ደጋ አጋዘን በሳይንሱ ዓለም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው እንስሳት አንዱ ነው። እዚህ አገር አደን የሚፈቀደው በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥርዓት፣ በተከለለ ቦታና በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው። ያለፈቃድ ወጥቶ መተኮስ አደን አይባልም።

እዚህ ሕጉ ሌላ ነው

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ የጦር መሣሪያና ጥይት መያዝን፣ መነገድንና ማምረትን ይከለክላል። በአገር ውስጥ ጥይት የሚመረተው አምቦ አካባቢ እንዳለው ሆሚቾ ባለ የመንግሥት ፋብሪካ እንጂ በጓዳ አይደለም። "እኔ እኮ ባዶ ቀለሃ ነው የሞላሁት" የሚል ክርክር ችሎት ፊት የሚያድን አይመስልም።

ይሄ ማለት አያታችሁ የተዉት ጠመንጃ ያሳፍራል ማለት አይደለም። ታሪክ ነው፤ ክብር አለው። ቆጥ ላይ ወይም ከሳጥን ሥር አሮጌ ጠመንጃና በጨርቅ የተቋጠረ ጥይት ብታገኙ ግን "ይሠራ ይሆን?" ብላችሁ አትሞክሩት። ጥይቱን አትፍቱ፣ አትቀጥቅጡ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ማን እንደሞላው፣ በምን እንደሞላው፣ ስንት ጊዜ እንደተሞላ ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። አባባን ወይም አያታችሁን ስለ ወረቀቱ ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ ነገሩን ሳይነካኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ከሰው እጅ የሚገዛ ጥይትም እንደዚያው ነው፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ውስጡ ሊሆን ይችላል።

ልደታ ውስጥ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎትና ባልቻ ሆስፒታል ብዙም አይራራቁም። ጓዳ ውስጥ የተሞላ ጥይት መጨረሻው ከሁለቱ ወደ አንዱ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዓመታት ይወስዳል። ሌላው ደግሞ የጠፋ ጣት ወይም የፈሰሰ ዓይን ይዞ ለመጣ ሰው የሚችለውን ያህል ያደርጋል እንጂ እንደ ነበረ አድርጎ አይመልስለትም።