አዲስ ፖሊስ ከማን ይማራል?

የጭነት መኪና ረዳት መንዳት የሚማረው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነው። መጽሐፍ የለውም፣ መምህርም የለውም። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ያያል። ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚወጣ ያያል። ነገር ግን ሹፌሩ ሳይተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ፣ መታጠፊያ ላይ ሌላ መኪና ሲቀድም፣ ከተቆጣጣሪ ጋር ሲሞዳሞድም ያያል። ረዳቱ ሁለቱንም ይማራል። ይኼ ደግ ነው፣ ይኼ ክፉ ነው ብሎ የሚለይለት የለም። ሹፌሩም ቢሆን «ይህችን ከእኔ አትማር» አይለውም።

የፖሊስ ሥራም በብዙ አገር ሲወረስ የኖረው እንደዚሁ ነው። ምልምሉ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጥቂት ወራት ይቆያል። ሕግ ይማራል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ተኩስ ይለማመዳል። ከዚያ ጣቢያ ሲመደብ ነባሩ ፖሊስ ይቀበለውና «በል እንግዲህ ትምህርት ቤት የነገሩህን እርሳው፤ ሥራውን እኛ እናሳይሃለን» ይለዋል። ይህ አነጋገር በአሜሪካ ፖሊሶች ዘንድ እንደ ተረት የታወቀ ነው።

አናጢ ሲሳሳት እንጨት ይበላሻል። ፖሊስ ሲሳሳት ግን ንጹሕ ሰው ይታሠራል፣ ይጎዳል፣ ይባስ ሲልም ይሞታል። ሽጉጥና ካቴና የታጠቀው ሰው ገና ተማሪ ሆኖ ከሕዝብ መካከል ይገባል። ታዲያ ይህ ተማሪ እንዴት ይማር? ከማንስ ይማር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ የቆየበትን አንድ አገር፣ አሜሪካን፣ እንመልከት። አሜሪካን የመረጥነው የእነርሱ ፖሊስ ከሌላው ስለሚሻል አይደለም። የሠሩትም የተሳሳቱትም በጽሑፍ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው።

የሳን ሆዜ ዘዴ

ሳን ሆዜ በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 በዚህች ከተማ አንድ አዲስ ፖሊስ በሥራ ላይ እያለ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት። በሌላው መኪና ውስጥ የነበረ ተሳፋሪ ሞተ፤ ፖሊሱም ክፉኛ ቆሰለ። በኋላ የፖሊሱ የግል ማኅደር ተገልጦ ሲመረመር፣ አዲስ ፖሊሶችን ይከታተሉበትና ይመዝኑበት የነበረው መንገድ ብዙ ጉድለት እንዳለበት ታወቀ። እንግዲህ ለአንድ መሥሪያ ቤት ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ምን አለ? ሰው ከሞተ በኋላ ነው ማኅደር የሚገለጠው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በሳን ሆዜ አዲስ ዘዴ ተጀመረ። ከትምህርት ቤት የወጣ ምልምል ብቻውን አይሰማራም። ለዚሁ ሥራ ተመርጦ የሠለጠነ ነባር ፖሊስ ይመደብለታል። ይህ ነባር ፖሊስ የመስክ አሠልጣኝ ይባላል። ሁለቱ በአንድ መኪና ይወጣሉ፣ በአንድ መኪና ይመለሳሉ። አሠልጣኙም በየቀኑ የምልምሉን ሥራ በቅጽ ላይ ይሞላል። መኪና አነዳዱ፣ የሕግ ዕውቀቱ፣ ከሰው ጋር አነጋገሩ፣ ሪፖርት አጻጻፉ፣ ሲታረም አቀባበሉ፣ ሁሉም ለየብቻው ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጠዋል። 1 ከሆነ አይሆንም ማለት ነው፤ 4 ይበቃል ማለት ነው፤ 7 እጅግ የላቀ ነው። ምልምሉ የተጻፈበትን አንብቦ ይፈርማል።

አሠልጣኙም አንድ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምልምሉ ወደ ሌላ አሠልጣኝ ይዛወራል፤ እንደገናም ወደ ሌላ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ወዶት ቢያሳልፈው ሌላው ያየዋል። አንዱ ጠልቶት ቢጥለውም ሌላው ይመሰክርለታል።

በዚህ ልምምድ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ እጅግ ቀላል ይመስላል። ምልምሉ እየነዳ ወሬ ሲይዝ፣ አሠልጣኙ ድንገት «አሁን የት ነን?» ይለዋል። ምልምሉ የመንገዱን ስምና በየት በኩል እንዳለ ካልመለሰ ነጥቡ ይቀንሳል። ምን አስጨነቀው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ፖሊስ ችግር ላይ ሲወድቅ በሬዲዮ እርዳታ ይጠራል፤ የት እንዳለ ካላወቀ ደግሞ እርዳታው የት ይመጣል? ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን መቶ ጊዜ ቢነግሩት አይገባውም። መንገድ ላይ አንድ ቀን አፉ ሲያያዝ ይገባዋል።

ይህ ዘዴ ቀስ በቀስ በአገሪቱ ተሠራጨ። ዛሬም በብዙ ከተሞች ይሠራበታል።

ነጥቡ ያመጣው ችግር

የሆነ ሆኖ ዘዴው ራሱ ነቀፌታ አላጣም። በየቀኑ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ምን ያደርጋል? ስሕተት ላለመሥራት ይጠነቀቃል። ጥሩ ነው፤ ግን ስሕተት የሠራ እንደሆነም ይደብቃል። ያልገባውንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ነውና። ደግሞም ምልምሉ እንዴት መኪና እንደሚያስቆም ተማረ እንጂ፣ በአንድ ሰፈር ለምን በየሳምንቱ አርብ ማታ ጠብ እንደሚነሣ እንዲያስብ አልተማረም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በኔቫዳ ግዛት በሬኖ ከተማ ሌላ ዘዴ ተሞከረ። ወጪው የተሸፈነው በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እርዳታ ነበር። አካሄዱ የመጣው ከሐኪሞች ትምህርት ነው። በካናዳ የሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎቹን በመጀመሪያ ችግሩን እየሰጠ፣ ዕውቀቱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ያደርግ ነበር። የሬኖ ፖሊሶችም ይህንኑ ወሰዱ። ልምምዱ 15 ሳምንት ይፈጃል። የየዕለቱ ነጥብ ቀረ። ምልምሉ የተመደበበትን ሰፈር ነዋሪዎች እያነጋገረ ያጠናል፤ ማን እንደሚኖርበት፣ ምን እንደሚያስቸግራቸው ይጽፋል። ከሁሉም ይልቅ ግን አንድ ደብተር ይሰጠዋል።

ደብተሩ ለምንድን ነው?

ደብተሩ የምልምሉ ማስታወሻ ነው። የሠራውን፣ ያሰበውን፣ የተሳሳተውን ይጽፍበታል። ለደብተሩ ነጥብ አይሰጥም። ነጥብ ከተሰጠው እውነቱን አይጽፍማ!

ዶናልድ ሾን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባለሙያ ሰው ዕውቀቱ ያለው በሥራው ውስጥ መሆኑን አስረድቶ ነበር። አንዳንዱ ሐሳብ ሥራው እየተሠራ የሚታሰብ ነው፤ አንዳንዱ ሥራው ካለቀ በኋላ መለስ ብለው የሚያስቡት ነው። ሃያ ዓመት መሥራት ብቻውን ሃያ ዓመት ልምድ አይሆንም። መለስ ብሎ ያላሰበ ሰው የአንድ ዓመት ልምዱን ሃያ ጊዜ ደጋገመው ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ምልምል ከአሠልጣኙ ጋር ሆኖ ሌሊት አንድ መኪና አስቆመ እንበል። የመኪናው የኋላ መብራት ጠፍቷል፤ ሌላ ጥፋት የለም። ሹፌሩ ሽማግሌ ናቸው። ምልምሉ «እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ» ይላቸዋል። ሽማግሌው ሳይመልሱለት ጎንበስ ብለው ከፊታቸው ያለውን ሣጥን ይከፍታሉ። ምልምሉ ይጮኻል፤ እጁንም ወደ ሽጉጡ ይሰዳል። በመጨረሻ ሲጣራ ሽማግሌው ጆሯቸው አይሰማም። ይፈልጉ የነበረውም የመኪናውን ወረቀት ነው። ማንም አልተጎዳም።

አንዳንዱ አሠልጣኝ እዚህ ላይ «ጎሽ፣ መጠራጠር ነው!» ብሎ ያልፋል። ሌላው ሰድቦት ያልፋል። ሥራውን የሚያውቅ ግን መኪናውን ዳር ያስይዝና ይጠይቃል።

«ምን አየህ?»

«ሰውየው ትእዛዝ እምቢ ሲሉ አየሁ።»

«እምቢ ሲሉ ነው ያየኸው ወይስ እጃቸው ሲንቀሳቀስ?»

ምልምሉ ትንሽ ዝም ይላል። «እጃቸው ሲንቀሳቀስ ነው።»

«ታዲያ እምቢታውን ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ፣ አለቃ።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ምልምሉ በደብተሩ ላይ እንዲህ ይጽፍ ይሆናል። «ዛሬ አንድ ሽማግሌ ላይ ጮኽኩ። ፈርቼ ነበር። እሳቸው የናቁኝ መሰለኝ። ሌላ ቀን እንዲህ ቢያጋጥመኝ በመጀመሪያ መስማታቸውን አረጋግጣለሁ፤ በባትሪ መብራት እጄን አሳይቼ በምልክትም እነግራቸዋለሁ።» ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአፍ ሲናገሩት ቀላል የነበረ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይከብዳል። «ፈርቼ ነበር» የሚለው ቃል ለፖሊስ በተለይ ይከብዳል። ግን ይህች ቃል ካልተጻፈች ምልምሉ ፍርሃቱን ቁጣ እያደረገ ይኖራል።

አሠልጣኙ ራሱ ሲያጠፋስ?

እስካሁን የተናገርነው አሠልጣኙ ደኅና ሰው ከሆነ ነው። ካልሆነስ?

ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 25 ቀን 2020፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በሐሰተኛ የ20 ዶላር ኖት ዕቃ ገዝቷል ተብሎ ፖሊስ ተጠራ። መጀመሪያ የደረሱት ሁለት አዳዲስ ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው ልምምዱን ጨርሶ ሥራ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ሁለተኛውም ከእርሱ አይሻልም። ቀጥሎ ዴሬክ ሾቪን የተባለው የ19 ዓመት ነባር ፖሊስ መጣ። ሾቪን የመስክ አሠልጣኝ ነበር። ከሁለቱ አዳዲስ ፖሊሶች አንዱን ያሠለጠነውም እርሱ ነው። ከዚያ በፊት በሾቪን ላይ በርካታ አቤቱታዎች ቀርበውበት ነበር። ያም ሆኖ ምልምል ተሰጥቶት ያስተምር ነበር።

ሾቪን በካቴና የታሠረውን ሰው መሬት ላይ አስተኝቶ ለ9 ደቂቃ ተኩል ያህል አንገቱን በጉልበቱ ተጫነው። በዚህ መካከል አንደኛው አዲስ ፖሊስ፣ ሰውየውን በጎኑ ብናዞረውስ ብሎ ጠየቀ። ሾቪን አልተቀበለውም። ጥቂት ቆይቶም ደገመው። ሌላው አዲስ ፖሊስ የሰውየውን የደም ሥር ዳስሶ ትርታ እንዳጣ ተናገረ። ሾቪን አልተነሣም። አዳዲሶቹም አላስነሡትም፤ ይልቁንም አንዱ እግሩን፣ አንዱ ወገቡን እንደያዙ ቆዩ። ጆርጅ ፍሎይድ ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ያ አዲስ ፖሊስ ትክክለኛውን ነገር ያውቀው ነበር። በጎኑ ይዙር ብሎ ጠይቋል። በከተማው የፖሊስ መምሪያ ደንብም ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ፖሊስ እንዲያስቆመው ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ደንቡም ነበረ። የጎደለው ለአለቃ «ተነሥ» የሚል አፍ ነው። በልምምዱ ጊዜ ሁሉ አሠልጣኙን እየሰማ፣ እየታረመ፣ እየተፈረመለት ያለፈ ልጅ፣ ያን አፍ ከየት ያምጣው?

ፍርድ ቤቱ ግን አዲስ መሆንን በቂ ምክንያት አድርጎ አላየውም። ሾቪን እ.ኤ.አ. በ2021 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት 22 ዓመት ከመንፈቅ እሥራት ተቀጣ። ሁለቱ አዳዲስ ፖሊሶችም በ2022 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተብለው ታሠሩ።

በኒው ኦርሊንስ ከተማ ፖሊሶች ዘንድ ከዚህ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አንድ ልምምድ ተጀምሮ ነበር። ፖሊስ ባልደረባው ሊያጠፋ ሲል፣ አለቃውም ቢሆን፣ እንዴት እንደሚያስቆመው የሚማርበት ነው። በ2020 በዋሽንግተን የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ለሌሎች ከተሞች ማዳረስ ጀመረ። ነገሩ ስብከት አይደለም። ምን ብሎ መናገር፣ ካልሰማ ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ልክ እንደ ተኩስ ልምምድ ተደጋግሞ ይሠራል። ቃሉ አስቀድሞ አፍ ላይ ካልተለማመደ፣ በጭንቅ ሰዓት አይወጣም።

በሳን ሆዜው ዘዴ ልምምዱ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ አሠልጣኙ የደንብ ልብሱን አውልቆ በሲቪል ልብስ ከምልምሉ ጎን ይቀመጣል። አይናገርም። ሰዎች ሲመጡ የሚያነጋግሩት ምልምሉን ነው። አደጋ ካልመጣ በቀር ጣልቃ አይገባም፤ ያያል፣ ይጽፋል። ይህን ያለፈ ምልምል ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሰማራል፤ በብዙ ከተሞች ግን የሙከራ ጊዜው ገና አላለቀም። አለቆቹም የሚጽፈውን ሪፖርት እያነበቡ፣ የሚቀርብበትን አቤቱታ እየመረመሩ ይቆያሉ።